ለአንድ ዲግሪ ሁለት ስለት

ምክር ልስጣችሁ። በልባችሁ ጀምራችሁ ያልጨረሳችሁት ሐሳብ ካለ፣ ግንቦት ልደታ ሲቃረብ ከአፋችሁ እንዳይወጣ። ልታገቡ እያሰባችሁ ነው? ዝም በሉ። ቤት ልትቀይሩ? ዝም። ሁለተኛ ዲግሪ ልትማሩ? ኧረ በእመብርሃን ዝም በሉ!

እኔ ዝም አላልኩም። ማለቴ፣ ዝም ለማለት ቆርጬ ነበር። ነገሩ ውስጥ ካፖርት ባይገባበት ኖሮ እስከ ዛሬም ዝም እንዳልኩ ነበርኩ።

ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ። በደርግ ዘመን ሳሙና የሚያመርት አንድ የመንግሥት ኮርፖሬሽን ውስጥ የዕቅድ ባለሙያ ነበርኩ። ሥራዬ ሁለት ነው፤ ዓመቱ ሲጀምር ምን ያህል ሳሙና እንደምናመርት ማቀድ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ ለምን እንዳላመረትን ማብራራት። በሁለተኛው የተመሰገንኩ ነበርኩ። የጻፍኩት ማብራሪያ ስብሰባ ላይ ሲነበብ እኔው ራሴ «እውነትም እንዲህ ባለ ሁኔታ እንዴት ይመረታል!» እያልኩ ራሴን እነቀንቅ ነበር። ከዚያ ከቢሮ ወጥቼ ቀበሌ ሱቅ በር ላይ ለሳሙና እሰለፋለሁ።

አንድ ቀን የመምሪያ ኃላፊዬ ጓድ በለጠ አስጠሩኝ።

«ከምሥራቅ ጀርመን አንድ የትምህርት ዕድል መጥቷል» አሉኝ። «በንግድ ሥራ አመራር፣ ሁለተኛ ዲግሪ። አንተን አስበናል። እስከ ግንቦት አጋማሽ አስብበትና መልስህን ንገረኝ።»

እስቲ ፍረዱ። ንግዱን መንግሥት በወረሰበት፣ ነጋዴ «ነጋዴ ነኝ» ከማለቱ በፊት ግራና ቀኙን በሚያይበት ዘመን፣ የንግድ ሥራ አመራር የተማረ ሰው ተመልሶ ምኑን ሊመራ ነው? ደግሞስ ሁለት ዓመት ሙሉ በሰው አገር ተንገላትቼ ስመለስ የምቀመጠው እዚያው ወንበር ላይ፣ የማቅደው ያንኑ ሳሙና አይደል? በሌላ በኩል ግን ዲግሪ ዲግሪ ነው። ሰው የያዘውን ዲግሪ መንግሥት አይወርሰውም።

እኔን ግራ ያጋባኝ ግን ዲግሪው ብቻ አልነበረም፤ «አስብበት» መባሌ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም አስብበት ብሎኝ አያውቅም። ዩኒቨርሲቲ የመደበኝን ተማርኩ፤ መንግሥት የመደበኝ ቦታ ገባሁ፤ ቀበሌ የሰጠን ቤት ውስጥ ኖርኩ። ሚስቴን እንኳ፣ ይህን ጥሩወርቅ እንዳትሰማ እንጂ፣ ቀድማ ያየችልኝ እናቴ ናት። በራሴ የመረጥኩት ነገር ቢኖር የጫማዬን ቀለም ነው፤ እሱም ሱቁ ውስጥ የነበረው ጥቁር ብቻ ነበር።

ስለዚህ ቆረጥኩ። ይህን አንድ ጉዳይ ማንም ሳይሰማ፣ ማንም ሳይነካው፣ በገዛ ጭንቅላቴ፣ በጥናት እወስናለሁ ብዬ ቆረጥኩ። ያን ጊዜ ቆራጥነት በየአጥሩ ላይ በቀይ ቀለም ይጻፍ ነበር፤ ትንሽ ለእኔም ቢደርሰኝ ማን ይጎዳል?

ጥናቴን የጀመርኩት ከአቶ መኮንን ነው። ጋሽ መኮንን ከእኛው መሥሪያ ቤት ናቸው፤ በንጉሡ ጊዜ አሜሪካ ሄደው ይህንኑ ሁለተኛ ዲግሪ ይዘው የመጡ። ዘመኑ ሲለወጥ «የእርስዎ ዲግሪ የከበርቴ ነው» ተባሉና መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ አሮጌ ፋይል እንዲጠብቁ ተደረገ። አንኳኩቼ ገባሁ።

«ጋሽ መኮንን፣ ሁለተኛ ዲግሪ ይጠቅማል?»

መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩኝ። «ለምን?»

«ለ... ለሕይወት።»

«እኔ እዚያ አገር የተማርኩት ብቻዬን መብላት ነው። ሌላው መጽሐፉ ላይ አለልህ።»

«ታዲያ አልሂድ?»

«እሱን አላልኩም።»

«ልሂድ?»

«እሱንም አላልኩም። ምሳ በልተሃል?»

አልበላሁም ነበርና ይዘውኝ ወጡ። ሽሮአችንን እየበላን እንደገና ብጠይቃቸው እንደገና ምንም አላሉም። ሁለተኛ ዲግሪ ያለው ሰው እንዲህ ነው የሚመልሰው፤ ለካ የሚያስተምሩት ይህንን ነው ብዬ ተደንቄ ወጣሁ።

ቀጥሎ ወደ ወጪ ጥናት ገባሁ። ጀርመን ይበርዳል፤ ብርድ ካፖርት ይፈልጋል፤ ካፖርት ጨርቅ ይፈልጋል። የዕቅድ ባለሙያ አይደለሁ? ከሥራ ስወጣ ጠመንጃ ያዥ የሚባለው ሰፈር ጎራ አልኩና እዚያ የሚሰፉትን የሰፈራችንን ልብስ ሰፊ ጋሽ ከድርን እንደ ዋዛ ጠየቅኳቸው። «አንድ ካፖርት፣ እንዲያው ለነገሩ፣ ስንት ሜትር ይፈጃል?»

ስሕተቴ ይህ ነበር። የልብስ ሰፊ ቤት እኮ ሬዲዮ ጣቢያ ነው፤ ልዩነቱ ሬዲዮ ጣቢያ ማታ ይዘጋል።

«ለማን?» አሉ ጋሽ ከድር፣ ሜትሩን ከአንገታቸው እየሳቡ።

«ለማንም። ያልተወሰነ ነገር ነው።»

«ገባኝ፣ ገባኝ። ያልተወሰነ ነው። እስቲ እጅህን ዘርጋ።»

ዘረጋሁ። ሰው እጅህን ዘርጋ ሲለኝ እዘረጋለሁ፤ አስተዳደጌ ነው። ትከሻዬን ለኩ፣ ደረቴን ለኩ፣ «የት አገር ነው?» አሉኝ። ጀርመን ከማለቴ «ወላሂ ለማንም አልናገርም» ብለው ማሉ። እውነትም እሳቸው ለማንም አልተናገሩም፤ ለሚመጣው ደንበኛ ሁሉ «የዚያን ልጅ የጀርመን ነገር ማንም እንዳይሰማ» እያሉ አስጠነቀቁ እንጂ።

ቤታችን ልደታ ማርያም ጀርባ፣ ወደ አብነት በሚወስደው ጠባብ መንገድ ላይ ነው። በአብነት በኩል ዳቦ ገዝቼ ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ገብቶ ቁጭ ብሏል። ጥሩወርቅ እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ በር ላይ ጠበቀችኝ። አስተማሪ ናት፤ ያን አቋቋም የምታመጣው ከክፍል ነው።

«ጀርመን?» አለችኝ።

«ያልተወሰነ ነው።»

«ማነው ያልወሰነው? ካፖርቱ ተለክቷል እኮ!»

«የወጪ ጥናት ነው...»

«ስማ አንተ ሰውዬ። የጎረቤታችን የስንዱ ባል ለስድስት ወር ብሎ ነው የሄደው። ስድስቱ ወር ይኸው አምስት ዓመት ሆነ። ያን ዲግሪ ተወውና እኔን ጥናኝ፤ እኔ ነኝ ወጪው።»

ዳቦውን ሰጠኋት።

እማዬም የምትኖረው ከእኛው ጋር ነው። ስለ እማዬ ትንሽ ልንገራችሁ። ታላቅ ወንድሜ ጌታቸውን በዚያ በክፉው ጊዜ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰዎች ቤት ድረስ መጥተው «ለጥቂት ጥያቄ እንፈልግሃለን» ብለው ወሰዱት። ጥያቄው አላለቀም። ከዚያ ወዲህ እማዬ እኔ ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ካላየች እህል አትቀምስም። በርጩማዋን ግቢው በር ላይ ታወጣና ትቀመጣለች። አላፊ አግዳሚው «ምነው እዚህ?» ሲላት «አየር እየወሰድኩ ነው» ትላለች። ዝናብ ሲዘንብም ጋቢዋን ተከናንባ አየር ትወስዳለች።

ያን ዕለት የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ሩቅ ነው?»

«በጣም ሩቅ ነው እማዬ። ባሕር ተሻግሮ ነው።»

«ከዚህ ሰው ሄዶ ሊያመጣህ አይችልም?»

«እንዴት ተደርጎ!»

«እሺ» አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች። እኔ ደግሞ ብልጥ ነኝ አይደል፣ ናፍቆት ቢጠናባት ሰው ልካ ልታስመጣኝ እያሰበች ነው ብዬ ተረጎምኩት። አይ እማዬ፣ ለእሷ ስል እቀራለሁ ብዬ ግማሽ በግማሽ ወሰንኩ።

ሙሉ በሙሉ ሳልወስን ግንቦት ልደታ ደረሰ።

የሌላ ሰፈር ሰው ልደታን የሚያከብረው በልኩ ነው፤ እኛ ግን የታቦቱ ጎረቤቶች ነንና ይብስብናል። በዋዜማው ሲመሻሽ ግቢ ለግቢ የምንጎራበተው ሁሉ ቧንቧው አጠገብ ያለው ባሕር ዛፍ ሥር እንሰበሰባለን። ንፍሮው በትልቅ ድስት ይቀቀላል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ይቀዳል። ሁሉም የሚበላው ደጅ ነው፤ ወደ ቤት ይዞ መግባት የለም። ከምርቃቱ በኋላ ስለት ያለው ይነሳና በሰው ሁሉ ፊት ይሳላል፤ የሰመረለት ለዓመቱ ያመጣል። በስውር የተሳልከውን ትረሳው ይሆናል፤ ልደታ ላይ የተሳልከውን ግን ሰፈሩ አይረሳልህም። ጋሽ ከድር ሳይቀሩ የእምነታቸው ባይሆንም በየዓመቱ ስኳር ይዘው ይመጣሉ፤ «ጎረቤት ሲመረቅ መቅረት ነውር ነው» ይላሉ።

የቀበሌያችን ሊቀ መንበርም አለ፤ እሱ የሚመጣው ለጸጥታ ነው። ጸጥታውን በአንድ እጁ ይጠብቃል፣ በሌላው ንፍሮ ይዘግናል።

«ንግድ ልትማር ነው አሉ» አለኝ እያላመጠ። «የምን ንግድ?»

«ሶሻሊስታዊ ንግድ።»

«እሱ ደግሞ እንዴት ያለ ነው?»

«ገና አልተማርኩትም።»

ሰው ሳቀ። እሱም የሚያስቅ ነገር መሆኑን ትንሽ ካሰበ በኋላ ሳቀ።

ምርቃቱን የሚመሩት እትዬ ብርቄ ናቸው፤ በሰፈሩ በዕድሜ የሚበልጧቸው ባሕር ዛፉ ብቻ ነው። «የተሳለ ይናገር!» አሉ። አንዷ ለልጇ ፈተና፣ አንዱ ለወገቡ ሕመም ተሳሉ። ከዚያ እማዬ ብድግ አለች።

ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። እማዬ ጌታቸው የተወሰደ ዓመት እንዲመለስላት ተስላ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ስለት አፏ ገብቶ አያውቅም። እሷና እመቤታችን ተኮራርፈው ነበር ማለት ይቻላል።

«ልደታ ማርያም» አለች። «ይህን የቀረኝን ልጅ በሰላም ካሻገርሽልኝ፣ ወርቀ ዘቦ ጃንጥላ አስገባለሁ!»

እልልታው ቀለጠ። እትዬ ብርቄ አለቀሱ። እኔ በአፌ የያዝኩት ባቄላ እንደ ድንጋይ ሆነብኝ። «ኧረ አልወሰንኩም!» ለማለት አፌን ስከፍት፣ ከጎኔ ጥሩወርቅ ተነሳች።

«ልደታዬ!» አለች፣ በዚያ በክፍል ድምፅዋ። «ባሌን ከጎኔ ካላራቅሽብኝ፣ ለዓመቱ የዚህን ሁሉ ሰው ንፍሮና ዳቦ እኔ ብቻዬን እችላለሁ!»

እልልታው ተጀምሮ መሐል ላይ ቆመ። አንዳንዱ እጁን አፉ ላይ እንደጫነ ቀረ። እትዬ ብርቄ አንዴ እማዬን፣ አንዴ ጥሩወርቅን፣ አንዴ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት አዩ።

«እንዴ!» አሉ። «በአንድ ሰው ላይ ሁለት ጉዳይ? እመቤታችን የቱን ትስማ?»

«ካፖርቱ ተቆርጧል እኮ!» አሉ ጋሽ ከድር ከወደ ኋላ።

እንግዲህ ከዚያ በኋላ የሆነውን ነገር ሁሉ ልንገራችሁ ብል መሽቶ ይነጋል። ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። ጃንጥላዎች «እናት የተሳለችው አይመለስም» አሉ። ንፍሮዎች «ሚስትስ ሰው አይደለችም? ደግሞ ጃንጥላ አይበላም» አሉ። ቧንቧ ላይ ክርክር፣ ቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ላይ ክርክር። እኔ ሰልፍ ውስጥ ቆሜ ከፊቴና ከኋላዬ ያሉት የምሄድ ወይም የማልሄድ መሆኔን ይወስናሉ፤ አንድም ሰው ዘወር ብሎ «አንተስ?» ያለኝ የለም። አንዴ ጉሮሮዬን ጠርጌ «እኔ እንኳ...» ስል አንዲት እናት «አንተ ዝም በል፣ ያንተ ጉዳይ በእመቤታችን እጅ ነው» አሉኝ። እትዬ ብርቄ ጭንቅ ሲላቸው ቄሱ ዘንድ ሄዱ። ቄሱም አሰቡበትና «እመቤታችን የሚበጀውን ታውቃለች፤ ልጁ ግን ፎርሙን በጊዜው ይሙላ» አሉ።

ቤት ውስጥ ደግሞ እማዬና ጥሩወርቅ ጭራሽ ተከባበሩ። «ልጄ፣ ብይ እንጂ።» «እርስዎ ይቅደሙ፣ እማማ።» እንዲህ ሲተዛዘኑ ያየሁ ጊዜ ፍርሃት ያዘኝ። በቀን በቀን ሁለቱም ለየብቻቸው ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፤ አንዷ ስትወጣ አንዷ ትገባለች። እኔም ቁርጥ ያለ ውሳኔዬ ላይ ደረስኩ፦ ጓድ በለጠን አንድ ሳምንት እንዲጨምሩልኝ እጠይቃለሁ።

ቀኑ ደረሰ። ጓድ በለጠ ያን ዕለት ከቀትር በፊት ወደ ክፍለ ሀገር ስለሚወጡ በጠዋት ቢሮ መድረስ አለብኝ። ጋሽ ከድር ግን መንገድ ላይ ጠብቀው ያዙኝ። «ሁለት ደቂቃ! አንዴ ለክተሃት ሂድ።»

ካፖርቷ ከወታደር ብርድ ልብስ ነው የተሰፋች። ግራጫ ናት፤ ቁርጭምጭሚቴን ትነካለች፤ ብቻዋን ትቆማለች። አዝራር ከገበያ ስለጠፋ ጋሽ ከድር ከሽቦ ያበጁትን መንጠቆ ከአንገት እስከ ጉልበት ደርድረውባታል። አንድ በአንድ ቆልፈው ጨርሰው ራቅ ብለው አዩኝና «ማሻአላህ! ጀርመን ራሷ ትሞቃለች!» አሉ። ከዚያ ሊከፍቱ ቢሞክሩ የአንገቱ መንጠቆ እንቢ አለ። ቢጎትቱ እንቢ። በፒንሳ ቢሉት እንቢ።

«በመቀስ ይቆረጥ!» አልኩ።

«ወላሂ መቀስ አይነካትም!»

ሰዓቱ ሄደ። በግንቦት ፀሐይ፣ ያችን ተሸክሜ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ያለወትሮው ሰው ቦታ ለቀቀልኝ። አንዲት እናት «ወባ ነው፣ ልጄ?» ብለው ብርቱካን ሰጡኝ። ቢሮ ስደርስ ላቤ ከጫማዬ ሊወጣ ምንም አልቀረው። የጓድ በለጠን በር ከፍቼ ገባሁ።

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ፊታቸው በራ።

«ይኸዋ! ቆራጥ ጓድ ማለት እንዲህ ነው!»

«ጓድ፣ ይህ መንጠቆው ነው...»

«ምንም አትናገር! ሁኔታህ ተናግሯል።» ስልኩን አንስተው ነበር። «አዎ፣ እጩው ዝግጅቱን አጠናቋል» ሲሉ ሰማሁ።

በሕይወቴ አንድ ውሳኔ ልወስን ብነሳ፣ እሷንም መንጠቆ ወሰነችልኝ።

ያን ዕለት ወደ ቤት በእግሬ ሄድኩ፤ አውቶቡሱን ፈርቼ ነው። በየመንገዱ ሰው ይስቅብኛል፣ እኔ ግን ልቤ ተቃጥሏል። አይሆንም አልኩ። ነገ የጓድ በለጠ ምክትል ዘንድ ገብቼ «ቀርቻለሁ» እላለሁ። ንግድ የለ፣ ሳሙና የለ፣ ምን ያደርግልኛል? ሚስቴ አትፈልገው፣ እናቴ በር ላይ ቁጭ ብላ ትቀራለች። በቃ!

እማዬ እንደ ልማዷ በርጩማዋ ላይ አለች። ስታየኝ ሳቋ መጣባት፤ አጎንብስ አለችኝና ከቀሚሷ ላይ መርፌ ነቅላ የአንገቴን መንጠቆ መታገል ጀመረች።

«እማዬ፣ አታስቢ» አልኳት እንዳጎነበስኩ። «ነገ ሄጄ ቀርቻለሁ እላቸዋለሁ።»

እጇ ቆመ።

«ምን አልክ?»

«አንቺንና ጥሩወርቅን ትቼ የትም አልሄድም። ዲግሪው ጥንቅር ብሎ ይቅር።»

«ማን አትሂድ አለህ?»

«እንዴ! የዚያን ቀን አዝነሽ አይቼሽ እኮ ነው...»

ግራና ቀኙን አየች። መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም፤ እሷ ግን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ስማኝ ልጄ። ዲግሪ ምን እንደሆነ አላውቅም። አንደኛውንም አላውቀው፣ ሁለተኛውንም አላውቀው። የጠየቅኩህ አንድ ነገር ነው። ከዚህ ሰው ሄዶ ሊያመጣህ አይችልም ብለኸኛል። አላልከኝም?»

«ብያለሁ።»

«በቃ። ጌታቸውን የወሰዱት ከዚህች በር ነው። እኔ እዚህ የምቀመጠው እውነት አየር ልወስድ መስሎሃል? አንተ ከገባህ በኋላም መኪና ባለፈ ቁጥር እነሳለሁ። ደከመኝ። ሂድልኝ፤ እኔም እንደ ሰው ልተኛ።»

የማብራሪያ ባለሙያው እኔ እንዳጎነበስኩ፣ በዚያች ብርድ ልብስ ውስጥ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ስለ ትርፉ አስቤ ነበር፣ ስለ ወንበሩ አስቤ ነበር፣ ስለ ጨርቁ ሜትር እንኳ አስቤ ነበር። ስለ እማዬ እንቅልፍ ግን አንድ ቀን አስቤ አላውቅም።

ቀና ስል ጥሩወርቅ ከበሩ ኋላ ቆማለች። ሰምታለች። መጥታ መርፌውን ከእማዬ እጅ ተቀበለችና መንጠቆውን አንዴ ጠምዘዝ ብታደርገው ተከፈተ።

«ይሂድ» አለች፣ ዓይኗን ሳታነሳ። «መመለስ አለበት ግን፣ እማማ።»

«እሱን ከእመቤቴ ጋር ተነጋገሪ» አለች እማዬ። «እኔ ያልኩት መሻገሩን ነው።»

ያን ጊዜ ነው በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ አፍ የወሰንኩት። «እሄዳለሁ» አልኩ፤ «እመለሳለሁም።» ሁለቱ ሴቶች እያንዳንዳቸው በግማሹ ተስማሙ። እትዬ ብርቄም ነገሩ ሲቀርብላቸው «ስለት አይሻርም፤ ይሻሻላል» ብለው ፈረዱና ጥሩወርቅ ንፍሮዋን ወደ መመለሴ አዛወረችው።

ስለ ጀርመን ብዙ አልላችሁም። መጀመሪያ አብረውኝ የሚማሩት በካፖርቷ ሳቁ፤ በረዶው ሲመጣ አዋሰን አሉ። ጋሽ መኮንን እውነታቸውን ነበር፤ ብቻዬን በላሁ። ሰው በሌለበት ጠረጴዛ ላይ እጄን ታጥቤ «ኑ እንብላ» ብዬ የዞርኩባቸው ቀናት አሉ። ስለ ውሳኔ አሰጣጥ ብቻ የሚያወራ አንድ ሙሉ ኮርስ ነበር። መምህሩ «ሰው የሚወስነው መረጃው ከተሟላ በኋላ ነው» አሉ። እጄን አውጥቼ የመንጠቆውን ነገር ልነግራቸው ነበር፣ ጀርመንኛዬ አልደረሰልኝም። አብረውኝ ከሄዱት አንዳንዶቹ ወደ ምዕራቡ ተሻገሩ፤ ና አሉኝ። ሌሊቱን ሁሉ ሲነግሩኝ ካደሩ በኋላ «ሚስቴ ንፍሮ ተስላለች» አልኳቸው። አልገባቸውም እንዳልል የአገሬ ሰዎች ናቸው፤ ገብቷቸው ተሰናበቱኝ።

ዲግሪዬን ይዤ ተመለስኩ። ጥሩወርቅ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ መጥታ፣ ያን ሁሉ ሰው ሳታፍር፣ አንገቴ ላይ ተንጠለጠለች። ንፍሮው ግንቦትን ይጠብቃል። እማዬ ግን ግቢው በር ላይ አንገቴን አንቃ ይዛ እያለቀሰች ትቆጣኛለች።

«ማን ና አለህ? ያን የመሰለ ጃንጥላ አስገብቼ ተመልሰህ መጣህ? አንተ ጅል! አንተ ጅል!» እያለች ጉንጬን ትስማለች።

ጃንጥላውን በሄድኩ ዓመት ነው ያስገባችው። በኋላ ጥሩወርቅ እንደነገረችኝ፣ ያን ጊዜ ሁሉ በርጩማዋ ደጅ አልወጣም። ፀሐይ ስትጠልቅ እራቷን በልታ ትተኛለች፤ መኪና ቢያልፍ፣ ውሻ ቢጮህ አትሰማም። «ታንኮራፋ ነበር» አለችኝ ጥሩወርቅ፣ ስቃ ሳትጨርሰው ዓይኗ እንባ ሞልቶ።

ሥራ በገባሁ በመጀመሪያው ቀን ያችኑ ወንበር፣ ያንኑ ሳሙና አገኘሁ። ማብራሪያዬ ብቻ አማረ። ጋሽ መኮንን ከዚያ ክፍላቸው ወጥተው «እህ፣ ጠቀመህ?» አሉኝ። አሁን ሁለተኛ ዲግሪ አለኝና «ምሳ በልተዋል?» አልኳቸው።

ሲመሻሽ ወደ ቤት መጣሁ። ቧንቧውን አልፌ ስታጠፍ እማዬን ከሩቅ አየኋት። በርጩማዋ ወጥቷል። ጋቢዋን ተከናንባ አየር ትወስዳለች። አጠገቧ ስደርስ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

«ልጄ» አለችኝ። «ያ ዲግሪ ሦስተኛ የለውም?»

«አለው፣ እማዬ።»

ወደ ልደታ ጉልላት ቀና ብላ አየች።

«ግንቦት ስንት ወር ቀረው?»